ስልሳ ካርትሪጅ፣ አንድ ስኒ ሻይ

ስልሳውም ካርትሪጅ ተመለሰ፤ አንድ አልቀረም። ሰኞ በሁለት ካርቶን ታሽጎ የወጣው ዕቃ ረቡዕ ጠዋት በዚያው ካርቶን፣ በዚያው ገመድ ታስሮ የወርክሾፑ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ክዳኑ ላይ ዕቃውን ያዘዘው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በወፍራም እስክሪብቶ «አይሠራም» ብላ ጽፋ፣ ያልገባው ሰው ካለ ብላ ነው መሰል ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

ካርቶኖቹን መጀመሪያ ያየቻቸው ባቡር ናት። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው። ባቡር ያሏት እትዬ ብየዳ ናቸው፤ ወርክሾፑ በገባች በሦስተኛው ቀን፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ስትወጣ አይተው «ይቺ ልጅ ፌርማታ የላትም» አሉ፤ ስሙ በዚያው ተጣብቆ ቀረ። እትዬ ብየዳም ቢሆኑ እናታቸው ባወጣችላቸው ስም የሚጠራቸው የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ተቀምጠው ቺፕ ከሰሌዳ ጋር ሲበይዱ ኖረዋል።

ወርክሾፑ የባቡር አጎት ንብረት ነው፤ የእናቷ ታላቅ ወንድም። ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ያሉ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባ ሁለት ክፍሎች ናቸው። እዚያ የሚሠራው ሥራ ለሰሚው ግራ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ልጅ ሁሉ በኪሱ ይዞት የሚዞር የጨዋታ ማሽን ነበር፤ ከመዳፍ ትንሽ የሚተልቅ፣ አረንጓዴ ስክሪን፣ አራት ቁልፍና አንድ መስቀል መሰል የአቅጣጫ መጫኛ ያለው። ፋብሪካው መሥራቱን ካቆመ ቆይቷል። አጎቷ ግን ለዚያ ማሽን እስከ ዛሬ አዲስ ጨዋታ ይጽፋሉ፤ እትዬ ካርትሪጁን፣ ጨዋታው ተጽፎበት ማሽኑ ላይ የሚሰካውን ትንሽ ሳጥን፣ ይበይዳሉ። የሚፈልግ ሰው ደግሞ አይጠፋም፤ አሮጌ ነገር ወዳጅ አያጣም።

ለእንዲህ ያለ ማሽን ጨዋታ መጻፍ በባዶ እጅ አይሆንም፤ መሣሪያ ይፈልጋል። ሥዕሉን ነጥብ በነጥብ የሚስል አንድ ፕሮግራም፣ የተጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው ቁጥር የሚለውጥ ሁለተኛ፣ ቁጥሩን ቺፑ ላይ የሚያሰፍር ሦስተኛ። አጎቷ ሦስቱንም በወጣትነታቸው ራሳቸው ጽፈዋቸዋል። የሚሠሩት ታዲያ «ሽማግሌው» በሚባል አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ሲበራ እንደ አስም በሽተኛ እየተነፈሰ ነው የሚነሳው። አንዲት መስመር ቀይሮ ውጤቷን ለማየት አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ አሥራ አንድ ደቂቃ አጎቷ ሻይ ይጠጣሉ።

ባቡር ደግሞ በሕይወቷ አሥራ አንድ ደቂቃ ቁጭ ብላ የጠበቀችው ነገር የለም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ አጎቷ ዘንድ እንደገባች፣ በሦስት ወር ሦስቱንም መሣሪያዎች ላፕቶፗ ላይ እንደ አዲስ ጻፈቻቸው። በእሷ መሣሪያ አንድ ቁልፍ ይነካል፤ በአራተኛው ሴኮንድ ጨዋታው ስክሪኑ ላይ ይከፈታል። የሚከፈተው እውነተኛው ማሽን ላይ አይደለም፤ ላፕቶፑ ውስጥ ማሽኑን አስመስሎ በሚሠራ ፕሮግራም ነው።

«ይሄ አስመሳይሽ» ይሏት ነበር አጎቷ፣ «ከማሽኑ ይልቅ በጣም ደግ ነው። ደግነት ሲበዛ ደግሞ እኔን ያሠጋኛል።»

«ቀስ በይ ሊሉኝ ነው?»

«ቢባልስ ምን ነውር አለው? ቀስ በቀስ እንኳን ሰው፣ እን—»

«እንቁላሉ መጣ! አጎቴ፣ እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ እኔ ሦስት ጨዋታ እጨርሳለሁ።»

የአጎቷን ኮድ ወደ ራሷ ስትገለብጥ አንድ ሕግ አወጣች፦ ምክንያቱ ያልተጻፈ መስመር ይጣላል። አጎቷ ምክንያት የመጻፍ ልማድ የላቸውም፤ «የማነበው እኔው፤ ለማን ብዬ?» ባይ ናቸው። አሥራ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አንድ ቃል ጽፈዋል፦ «አትንኩ»። ለምን እንደማይነካ ግን አንድም ቦታ የለም። ባቡር አሥራ አንዱንም ነካች። እያንዳንዱን እያነሳች አስመሳዩ ላይ ሞከረች። ስድስቱ ሲነሱ ጨዋታው ስለተበላሸ መለሰቻቸው። አምስቱ ሲነሱ ምንም አልሆነም፤ ስለዚህ ጣለቻቸው። ምንም የማያደርግ መስመር ጡረታ የወጣ ሠራተኛ ነው፤ ቦታ ይለቃል።

አጎቷ ሦስት ወር ሙሉ አዩ፤ በመጨረሻ ውል አቀረቡ።

«የቤተ መጻሕፍቱን ጨዋታ በአንቺ መሣሪያ ሥሪው» አሏት። «ከስልሳው አንድም ካልተመለሰ ሽማግሌውን ዕቃ ቤት አስገባዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወርክሾፑ በአንቺ መንገድ ይሠራል። በመሣሪያሽ ጥፋት አንድ ከተመለሰ ግን መሣሪያሽ ይወጣል፤ አንቺም እንደ እኔ ከሽማግሌው ፊት ተቀምጠሽ ትጠብቂያለሽ።»

«አንድም አይመለስም» አለች።

እንዲህ ተብሎ ነው እንግዲህ ስልሳው የተመለሰው።

ባቡር ስልኩን አንስታ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ደወለች።

«ሀሎ፣ እኔ ነኝ።»

«ማን እኔ?»

«የጨዋታዎቹ።»

«አሃ! ስሚ እህቴ፣ አይጧ ግድግዳ ውስጥ ናት።»

ጨዋታው ስለ አንዲት የቤተ መጻሕፍት አይጥ ነው፤ የመዝጊያው ደወል ከመደወሉ በፊት የተበተኑትን መጻሕፍት ወደየመደርደሪያቸው ትመልሳለች።

«ግድግዳ ውስጥ ማለት?»

«ግድግዳ ውስጥ ናታ! ጭራዋ ብቻ ይታያል። ሁለተኛው ማሽን ላይ ደግሞ ገና ሳይነካ ‹ጊዜው አልቋል› ይላል። ሦስተኛው ላይ አይጧ ሁለት መቶ መጽሐፍ ተሸክማለች፤ እኔ ራሴ በሃያ ዓመት አገልግሎት እንደዚያ አልተሸከምኩም።»

«አንዱ ካንዱ ይለያያል ማለት ነው?»

«እንደ ወንድምና እህት እንኳ አይመሳሰሉም። ቅዳሜ ጠዋት የልጆቹ ክፍል ይከፈታል፤ ስልሳ ልጅ ከነወላጁ ጠርቻለሁ። ይቺን አይጥ ከግድግዳ አውጡልኝ።»

ወርክሾፑ ውስጥ የሙከራ ደንብ አለ፤ ደንቡም የአጎቷ ነው። መጀመሪያ የመፈተሻው ካርትሪጅ ማሽኑ ላይ ይሰካል፤ ስክሪኑና ቁልፎቹ ደህና መሆናቸውን ያሳያል። ከዚያ ማሽኑ ይጠፋል። አጎቷ አንድ ስኒ ሻይ ይጠጣሉ። ከሻዩ በኋላ አዲሱ ጨዋታ ይሰካና ይበራል። ባቡር ሻዩን ከደንቡ አልቆጠረችውም፤ የሻይ ሱስ ደንብ ለብሶ ቢመጣ አይሸውዳትም። የመፈተሻውን ካርትሪጅ ነቅላ አዲሱን ስትሰካ ሁለት ሴኮንድ አይፈጅባትም።

ከካርቶኑ አሥር ካርትሪጅ አውጥታ እንደ ልማዷ ሞከረች። የመፈተሻውን ሰካች፣ ነቀለች፣ የራሷን ሰካች፣ አበራች። አሥሩም ላይ አይጧ በሯ ላይ ቆማ፣ ጆሮዋን አቁማ፣ ጨዋታው እስኪጀመር ትጠብቃለች።

እዚህ ይሠራል፤ እዚያ አይሠራም። ጥፋቱ ደግሞ በየማሽኑ ይለያያል። ባቡር ነገሩን በግማሽ ደቂቃ ፈታችው። ኮድ ሲሳሳት ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይሳሳታል። እንዲህ የሚያወላውል ነገር የላላ ብየዳ ነው፤ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ይለቃል። መደርደሪያው ላይ የተንጠለጠለውን የተመላሽ ዕቃ ደብተር አወረደችና «ምክንያት» ከሚለው ሥር አንድ ቃል ጻፈች፦ ብየዳ።

እትዬ ከጎኗ አነበቡት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«የማን ብየዳ?»

«የእርስዎ ነዋ፣ እትዬ። እዚህ ሌላ የሚበይድ ማን አለ?»

«በሃያ ሁለት ዓመት ስንት ነጥብ እንደበየድኩ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። የላላው ግን ከነሱ አንዱ ይሆናል።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ እትዬ። «እኔ ግን ቁጭ ብዬ ነው የበየድኩት።»

አጎቷ የሻይ ስኒያቸውን ይዘው ከውስጠኛው ክፍል ወጡ። ካርቶኖቹን አዩ፣ ደብተሩን አዩ፣ እሷን አዩ።

«ውላችን ትዝ ይልሻል?»

«ውላችን ስለ መሣሪያዬ ነው። ብየዳ የኔ መሣሪያ አይደለም።»

«እንደ ደንቡ ሞክረሽዋል?»

«ሞክሬዋለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አጎቴ፣ ይኸው ዓይንዎ እያየ ይሠራል!»

ይሠራ ነበር። አጎቷ አይጧን ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ከዚያ ወደ እትዬ ዞረው፣ ሰው ሲያፍር እንደሚያደርገው ወለሉን እያዩ፣ «እንግዲህ እንደገና ይበየድ» አሉ።

በአንድ ካርትሪጅ ላይ ሠላሳ ሁለት ነጥብ አለ። በስልሳ ሲባዛ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ነው። እትዬ ረቡዕ ከሰዓት ጀምረው ሐሙስ ከሰዓት ጨረሱ፤ ለምሳም ያልተነሱት አኩርፈው እንዳልሆነ ተናግረዋል። ሐሙስ ሥራ መውጫ ላይ የቤተ መጻሕፍቱ ሹፌር መጥቶ ካርቶኖቹን ወሰደ።

ዓርብ ጠዋት፣ ባቡር ጃኬቷን ሳታወልቅ፣ ስልኩ ጮኸ።

«እህቴ» አለች የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ «ባለፈው አይጧ ግድግዳ ውስጥ ነበረች። ዛሬ አይጧም የለች፣ ግድግዳውም የለ።»

እትዬ ከጠረጴዛቸው ሆነው ሰሙ። መበየጃቸውን ከማስቀመጫው ላይ አደረጉት፤ ገና አላበሩትም ነበር። ሁለቱን እጆቻቸውን ብርሃኑ ወዳለበት ዘርግተው፣ ገበያ ላይ ዕቃ እንደሚመርጥ ሰው፣ አንዴ በመዳፍ አንዴ በጀርባ አገላብጠው አዩዋቸው።

«ከሰኞ ጀምሮ ሳጥን አሽጋለሁ» አሉ። «ለመበየጃው ሌላ ሰው ፈልጉለት።»

ባቡር የመፈተሻውን ካርትሪጅ ኪሷ ከትታ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።

የልጆቹ ክፍል አዲስ ቀለም ይሸታል። ዝቅ ዝቅ ያሉ ጠረጴዛዎች፣ ከጉልበት የሚያጥሩ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ ገና ግማሹ የተነፋ ፊኛ። ኃላፊዋ ረጅም ሴት ናት፤ ሃያ ዓመት በሹክሹክታ ስታወራ ኖራ ሹክሹክታዋ ከሌላው ሰው ጩኸት ይጠነክራል። ከቁም ሳጥኑ መሳቢያ አንድ ማሽን አውጥታ ሰጠቻት።

ባቡር ወንበሯ ላይ ተጣጥፋ ተቀመጠች። የመፈተሻውን ካርትሪጅ ሰካች፤ ስክሪኑ ደህና ነው፣ ቁልፎቹም። ነቀለች፣ የአይጧን ሰካች፣ አበራች። አይጧ በሯ ላይ ቆማለች።

«ይኸው ይሠራል።»

«አንቺ ስትነኪው ነዋ የሚሠራው!» ኃላፊዋ ሌላ ማሽን ከመሳቢያው አወጣች፤ ያንኑ ካርትሪጅ ተቀብላ ሰክታ አበራች። ስክሪኑ በተዝረከረከ ነጥብ ተሞላ። «አየሽ? እጅሽ ላይ ምን ተቀብተሽ ነው?»

ባቡር ማሽኑን ነጠቀቻት። የመፈተሻውን ሰካች፣ ነቀለች፣ የአይጧን ሰካች። ሠራ።

«ጠንቋይ ነሽ» አለች ኃላፊዋ። «ቅዳሜ ስልሳ ጊዜ መጥተሽ ትነኪልኛለሽ?»

ሦስተኛውን ማሽን ያዙ። ባቡር የመፈተሻውን ሰክታ፣ አይታ፣ አጥፍታ ነቀለች፤ የአይጧን ልትሰካ ስትል አንድ ሠራተኛ በሩን ከፍቶ አንገቱን አስገባ። የመጻሕፍት መደርደሪያ መጥቷል፤ በበሩ አልገባ ብሏል፤ ሰው ይርዳን አለ። ኃላፊዋ የባቡርን ክንድ ይዛ ጎተተቻት። መደርደሪያው አንዴ በጎኑ አንዴ በጀርባው እየተባለ፣ አንዱ «ወደ ግራ» ሌላው «ወደ ግራ ማለት ወደ እኔ» እያለ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ፈጀ። ባቡር እንደ ተመለሰች፣ የእጇን አቧራ እያራገፈች፣ ካርትሪጁን ሰክታ አበራች።

አይጧ ግድግዳ ውስጥ ነበረች። ጭራዋ ብቻ ይታያል።

ባቡር ሰዓቷን አየች። ኃላፊዋ የሆነ ነገር አለቻት፤ አልሰማችም። ማሽኑን አጥፍታ አሥር ደቂቃ ቆይታ ሰካች ማለት ነው። ሻይ ጠጣች ማለት ነው፤ ያለ ሻይ።

ማሽን ሲጠፋ ሜሞሪው ውስጥ ያለው ነገር ወዲያው አይጠፋም፤ ጥቂት ሴኮንድ ይቆያል። የመፈተሻው ካርትሪጅ ሲበራ ሜሞሪውን በሙሉ በዜሮ ያጥበዋል። በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ሌላ ካርትሪጅ ከተተካ የታጠበውን እንደታጠበ ያገኘዋል። ከቆየ ግን ማሽኑ ሲበራ ሜሞሪው ውስጥ የሚገኘው እንዳገኘ የተበታተነ ቁጥር ነው፤ ያም በየማሽኑ ይለያያል። ጨዋታው ደግሞ አይጧ የት እንደቆመች፣ ስንት መጽሐፍ እንደተሸከመች፣ ስንት ጊዜ እንደቀራት የሚያነበው ከዚያ ነው። ስለዚህ ጨዋታ ሲነሳ መጀመሪያ ቤቱን መጥረግ አለበት። የአጎቷ መሣሪያ በየጨዋታው መጀመሪያ የሚያስገባቸው፣ ይህን የሚጠርጉ ስድስት መስመሮች ነበሩ። ከጣለቻቸው አምስት «አትንኩ» ቦታዎች አንዱ እነሱ ነበሩ። አስመሳዩ ደግ ስለሆነ ሁልጊዜ የተጠረገ ቤት ይሰጣል፤ ስለዚህ መጥረጊያው ሲጣል ምንም አልሆነም።

«ምን ሆነሻል?» አለች ኃላፊዋ።

«ካርቶኖቹን ልውሰዳቸው። ዛሬውኑ ይመለሳሉ።»

ሹፌሩ ሌላ ሥራ ስለነበረው በአውቶቡስ ተሳፈረች፤ አንዱን ካርቶን በጭኗ፣ አንዱን በእግሯ መካከል ይዛ። ነገሩን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት። መስመሮቹን መልሶ ማስገባት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ስልሳውን ቺፕ በእሷ መሣሪያ እንደገና መጻፍ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። «ለማንኛውም እንደገና ልጻፋቸው» ብትል የሚጠይቃት የለም። ጨዋታው ይሠራል፣ ልጆቹ ይጫወታሉ፣ ደብተሩ «ብየዳ» እንዳለ ይቀራል፣ ውሉም በእሷ በኩል ይጸናል፤ ሽማግሌው ዕቃ ቤት ይገባል። እትዬ ሳጥን ያሽጋሉ። ሳጥን ማሸግ ቀላል ሥራ ነው፤ ለዓይናቸውም ይሻላል። ይህን ሦስት ፌርማታ ሙሉ አሰበችበት። በአራተኛው ላይ ወረደች።

ደረጃውን ካርቶን ተሸክማ አንድ በአንድ ወጣች። እትዬ መስኮቱ ሥር አጉሊ መነጽር ይዘው፣ ከስልሳው ውጭ ለናሙና አስቀርተውት በነበረ አንድ ካርትሪጅ ላይ ጎብጠዋል።

«ነይ እስኪ» አሏት ቀና ሳይሉ። «የወጣት ዓይን ይሻላል። ይቺ አሥራ አራተኛዋ ነጥብ ላይ ጥቁር ነገር ይታይሻል?»

ባቡር ካርቶኖቹን አስቀምጣ አጎንብሳ አየች። ነጥቧ እንደ ጤዛ ጠብታ ክብ፣ ንጹሕ ናት። ሁሉም እንደዚያ ናቸው።

«ምንም የለም።»

«በደንብ እዪ እንጂ፣ አትሩጪ!»

«አይቻለሁ። ብየዳው ደህና ነው፣ እትዬ። መጀመሪያም ደህና ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አጎቷ ከውስጠኛው ክፍል ወጡ። ባቡር ቆማ፣ ጃኬቷን ሳታወልቅ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስለ አሥሩ ደቂቃ፣ ስለ ሁለቱ ሴኮንድ፣ ስለ ጣለቻቸው መስመሮች። አላሳጠረችም፣ አላለሳለሰችም።

መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ናቸው።

«ላም ባልዋለበት ኩበት አስለቀምሽኛ! ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ኩበት!»

«ይቅርታ፣ እትዬ።»

«ይቅርታሽን በአፍሽ አልፈልገውም፤ በአፍሽማ እየሮጠ ያመልጣል። ደብተሩን አምጪ።»

ባቡር ደብተሩን አወረደች። እትዬ በጣታቸው ቦታውን አሳዩ። ባቡር «ብየዳ» የሚለውን ሰርዛ ከሥሩ «ሜሞሪ ሳይጠረግ መነሳት» ብላ ጻፈች።

«የማን?» አሉ እትዬ።

ስሟን ጨመረችበት፤ እናቷ ያወጣችላትን።

«ለምን?»

«ለምን ማለት?»

«ለምን ሳይጠረግ ተነሳ? የሚቀጥለው አንባቢ እንደ አንቺ ያለ ቢሆንስ?»

ባቡር ጻፈች። ሙሉ ገጽ ሆነ። አጎቷ ከትከሻዋ በላይ ሆነው አነበቡና ሻያቸውን ሳይጠጡ አስቀመጡት።

«የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት» አሉ፣ «አርባ ካርትሪጅ ተመለሰብኝ። ልክ እንደዚህ። እኔም መጀመሪያ ማሽኖቹን ነበር የከሰስኩት።»

«ታዲያ ለምን አልጻፉትም?»

«አፍሬ ነዋ። ‹አትንኩ› ብዬ ዘጋሁት።»

«እና እኔ አሁን በዚህ ልናደድ ወይስ ልተወው?»

«በፈለግሽው ተናደጂ። ውሉ ግን ውል ነው።»

ባቡር ይህን ጠብቃ ነበር። «ስድስት መስመር ናት የጎደለችው። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ሦስት ወር—»

«ስድስት መስመር ናት ያወቅሻት። ሌሎቹ አራት የጣልሻቸውስ?»

ባቡር ጠየቀች፦

«እርስዎ ምክንያታቸውን ያውቃሉ?»

አጎቷ ወደ ሽማግሌው ሄደው ተቀመጡ። ኮምፒውተሩ ሲተነፍስ፣ ሲያቃስት፣ ሲነሳ ጠበቁ። አራቱን ቦታዎች አንድ በአንድ ከፍተው አዩ።

«ይቺ ከባትሪ ጋር የተያያዘች ናት፤ ባትሪው ሲደክም ድምፁ እንዳይቆራረጥ። ይቺ... ስክሪኑ እየተሳለ ሳለ ሥዕል እንዳይቀየር ናት መሰለኝ።» ሦስተኛዋ ላይ ቆዩ። አራተኛዋን አይተው አገጫቸውን አከኩ። «እነዚህን ሁለቱን ረስቻቸዋለሁ።»

«ረስቻቸዋለሁ!» አሉ እትዬ። «ኧረ ድንቄም አትንኩ! እሷ የማታውቀውን ጣለች፣ አንተ የማታውቀውን አስቀመጥክ። በመሀል እኔ በየድኩ።»

አጎቷ ሳቁ፤ ባቡር ግን አልሳቀችም። ከዚያ ወደ ሥራ ተገባ፤ ቅዳሜ የሚጠብቅ ሰው አይደለምና። አጎቷ የአይጧን ኮድ በራሳቸው መሣሪያ አሳለፉት፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ፤ ባቡር አሥራ አንዱንም ደቂቃ ቆማ ጠበቀች። ሽማግሌው አንዱን ቺፕ በሦስት ደቂቃ ይጽፋል። ስልሳው ሦስት ሰዓት ፈጀ። አጎቷ ይጽፋሉ፣ ባቡር ትሰካለች ትነቅላለች፣ እትዬ ክዳኑን ገጥመው ያሽጋሉ፤ «ይኸው ሳጥን አሽጋለሁ አልኩ፣ አፌ ቀደመኝ» እያሉ። በየመሀሉ ሲበሩ የቆዩ ሳይሆኑ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍተው የቀዘቀዙ አምስት ማሽኖች ላይ አምስት ካርትሪጅ ተሞከረ። አምስቱም ላይ አይጧ በሯ ላይ ቆማ፣ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። ሹፌሩ መጥቶ ካርቶኖቹን ሲያወርድ ባቡር ደረጃው ላይ ቆማ ቆጠረች፤ ሁለት ናቸው።

ተመልሳ ስትገባ ላፕቶፗን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አጎቷ አዩዋት።

«ልትሄጂ ነው?»

«ውሉ ይወጣል አይደል የሚለው?»

«መሣሪያሽ ይወጣል ነው የሚለው። አንቺ ትወጫለሽ አይልም።» አጎቷ ስኒያቸውን አነሱ። «የሁለቱን መስመር ምክንያት እኔ የማስታውሰውን ጻፊው። የረሳኋቸውን ሁለቱን ከማሽኑ ፈልጊ፤ አስመሳዩ ላይ አይደለም፣ ማሽኑ ላይ። አራቱም ተጽፈው ሲያልቁ መሣሪያሽ ይመለሳል፤ ያኔ ሌላ ውል እንገባለን።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?» አሉ አጎቷ፤ ከዚያም፣ ሰው ሲታገሥ ሲታገሥ እንደሚያመልጠው፣ «ቀስ በቀስ—»

«በፈጠረዎት፣ አጎቴ!»

እትዬ ከጠረጴዛቸው በሳቅ ተንከተከቱ። መበየጃቸው በርቷል፤ ጫፉ ይጨሳል።

ባቡር ውስጠኛው ክፍል ገባች። አጎቷ ከረሷቸው አንዷን፣ ሦስተኛዋን መስመር ያወጣችበትን የሙከራ ካርትሪጅ አዘጋጀች። አንድ ማሽን ላይ የመፈተሻውን ሰካች፣ አየች፣ አጠፋች፣ ነቀለች። ሰዓቷን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። አሥር ደቂቃ።

በመጀመሪያው ደቂቃ እስክሪብቶዎቹን በመጠን ደረደረች። በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቀኝ እጇ ካርትሪጁን አንስቶ ነበር፤ መቼ እንዳነሳው አታውቅም።

«ባቡር! እጅሽ!» አሉ እትዬ ከወዲያኛው ክፍል፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው ሳለ እንዴት እንዳዩ እሳቸው ያውቃሉ።

ካርትሪጁን አስቀመጠች። ማሽኑን አየችው። ማሽኑ ምንም አይቸኩልም። አጠገቡ ከተቀመጠች እንደማትታገሥ ገባት፤ ለዛሬ የሚበቃትን ያህል ራሷን አውቃለች። ሰዓቷን አንስታ ማሽኑን እንደጠፋ ጠረጴዛው ላይ ተወችው።

«ስምንት ደቂቃ ቀርቶታል» አለች ወጥታ። «ማንም እንዳይነካው። እኔም ጭምር።»

በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።